ሰንጠረዡ አረንጓዴ፣ ዕቅዱ ፍርስርስ

አንድ ወጣት የዘመቻ መኮንን የላኩት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ዕቅድ ስናወጣ ለእያንዳንዱ ስጋት የመከሰት ዕድሉን ከ1 እስከ 5፣ የሚያደርሰውን ጉዳት ከ1 እስከ 4 እንሰጠዋለን። ሁለቱን አባዝተን ቀለም እንቀባዋለን። አዛዡ የሚጠይቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹አረንጓዴ ነው?› ይላሉ። በልምምድ ላይ አረንጓዴ ያልነው ዕቅድ ሁለት ጊዜ ፈረሰብን። ችግሩ ቁጥራችን ነው? የተሻለ ሶፍትዌር ብንጠቀም የትኛውን አማራጭ እንደምንመርጥ በትክክል ሊነግረን ይችላል?»

አይችልም። ሶፍትዌር የሰጡትን ነው የሚመልሰው። የእናንተ ችግር ከስሌቱ በፊት ይጀምራል። «ስጋት» በሚል አንድ ቃል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ከታችኋል። አንዱ አደጋ ነው። መኪና ይገለበጣል፣ ወታደር በሙቀት ይወድቃል፣ ሄሊኮፕተር አቧራ ውስጥ ሲያርፍ ይጋጫል። ሌላው ጠላት ነው። አደጋ አያስብም። ገደሉ እናንተ መንገድ ስለቀየራችሁ ቦታውን አይቀይርም። ጠላት ግን ያያችኋል፣ ያደባል፣ እናንተ ያሰባችሁትን አስቦ ይጠብቃችኋል።

ሰንጠረዡ የመጣው ከመሣሪያና ከሥራ ደኅንነት ነው፤ ማለትም ለመጀመሪያው የተሠራ ነው። እዚያ በደንብ ይሠራል፤ ምክንያቱም መዝገብ አለ። ስንት ተሽከርካሪ በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚበላሽ፣ በሌሊት ጉዞ ስንት አደጋ እንደደረሰ፣ ስንት ጥይት በስንት ቀን እንደሚያልቅ መቁጠር ይቻላል። ጠላት በዚህ ሸለቆ በኩል የመምጣት ዕድሉ ስንት ነው ለሚለው ግን የትኛውም መዝገብ መልስ የለውም። ያ ውጊያ ከዚህ በፊት አልተካሄደም። የምትሰጡት ቁጥር የእናንተው እምነት ነው፤ ልክ አይደለም አላልኩም፣ ግን ልኬት አይደለም።

ማባዛቱንም ዛሬውኑ ተዉት። 4 የተሰጠው ስጋት 2 ከተሰጠው እጥፍ ነው ማለት አይደለም። እነዚህ ቁጥሮች የደረጃ ስሞች ናቸው፤ ስም በስም አይባዛም። ምሳሌ ልስጥ። ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መበላሸት፣ ዕድሉ 4፣ ጉዳቱ 2፣ ውጤቱ 8። ኮንቮዩ ድልድዩ ላይ ተቆርጦ መቅረት፣ ዕድሉ 2፣ ጉዳቱ 4፣ ውጤቱ 8። ሁለቱም ያው ቢጫ ናቸው። የመጀመሪያው መካኒክ ይፈልጋል። ሁለተኛው ዘመቻውን ያበቃዋል። የስጋት ተመራማሪው ቶኒ ኮክስ በ2008 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ባወጣው ጥናት ይህን በሒሳብ አሳይቷል። ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ቀላል፣ አልፎ አልፎ የሚከሰተው ከባድ በሆነበት ሁኔታ፣ ሰንጠረዡ በዘፈቀደ ከመምረጥ የባሰ ውሳኔ ሊያስወስን ይችላል። የጦር ሜዳ ስጋት ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ነው።

ሌላም አለ። ሰንጠረዡ ስጋቶችን በየረድፋቸው ያያል እንጂ አንድ ላይ አያያቸውም። እያንዳንዳቸው የመከሰት ዕድላቸው 10 በመቶ የሆነ አሥር ስጋቶች አሏችሁ እንበል። እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ ቢያንስ አንዱ የመከሰት ዕድል 65 በመቶ ነው። ዕቅዳችሁ አሥሩም እንዳይከሰቱ የሚፈልግ ከሆነ፣ በየረድፉ አረንጓዴ ሆኖ በጠቅላላው ሊከሽፍ ያዘነበለ ዕቅድ ይዛችኋል። ሁለቱ ልምምዶቻችሁ የፈረሱት በዚህ ምክንያት ቢሆን አይገርመኝም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ዘመቻ ላንሳ። ኤፕሪል 1980 አሜሪካ ቴህራን ውስጥ የታገቱባትን ዜጎች ለማስለቀቅ ከኒሚትዝ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ 8 ሄሊኮፕተሮች አስነሳች። ዕቅዱ ለመቀጠል የሚፈልገው ቢያንስ 6 ነበር። በረሃው ላይ ወደተዘጋጀው መገናኛ ሲደረስ የሚሠሩት 5 ብቻ ሆኑ። አንዱ የሚሽከረከረው ክንፉ ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶበት በረሃ ላይ ተትቷል። አንዱ በአቧራው ደመና ውስጥ መሣሪያዎቹ አስቸግረውት ተመልሷል። አንዱ ደርሶ ሃይድሮሊኩ ተበላሽቶ ተገኘ። ዘመቻው ተሰረዘ። ለመመለስ ሲዘጋጁ አንድ ሄሊኮፕተር ነዳጅ ከጫነ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ሰዎች ሞቱ።

ሒሳቡን ለራሴ ሠርቼው ነበር። እያንዳንዱ ሄሊኮፕተር ሳይበላሽ የመድረስ ዕድሉ 90 በመቶ ነው ብላችሁ ብትነሱ (ቁጥሩ የእኔ ምሳሌ ነው)፣ ከ8 ቢያንስ 6 የመድረስ ዕድል 96 በመቶ ይሆናል። አረንጓዴ፣ ያውም ጥቁር አረንጓዴ! ዕድሉን ወደ 75 ዝቅ ካደረጋችሁት ጠቅላላው ወደ 68 ይወርዳል። 70 ካደረጋችሁት 55 ነው፤ ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም። አንድ ትንሽ ግምት ስትነቃነቅ ቀለሙ ሁሉ ይቀየራል። በዚያ ላይ ስሌቱ የአንዱ መበላሸት ከሌላው ጋር እንደማይገናኝ አድርጎ ነው የሚያስበው። አቧራ ግን አንዱን ብቻ መርጦ አይመጣም። አብረው በሚበሩ ሁሉ ላይ ነው የሚወርደው። በወታደራዊ ዕቅድ ውስጥ ስሌትን በብዛት የሚያሳስተው ይህ ነው፤ የጋራ መንስኤ። አንድ የሬዲዮ አውታር፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ የነዳጅ መስመር ሲጠፋ አምስት «የማይገናኙ» ስጋቶች በአንድ ሌሊት አብረው ይመጣሉ።

በኋላ ጉዳዩን የመረመረው በአድሚራል ሆሎዌይ የተመራው ቡድን ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ እጁ ያልታሰረ ዕቅድ አውጪ ቢያንስ 10 ሄሊኮፕተር፣ የሰላም ጊዜ የብልሽት መዝገብን ቢከተል ደግሞ 12 ይጠይቅ ነበር አለ። ሁለተኛው ይበልጥ ያንገበግበኛል። ስለ አቧራው የሚገልጽ መረጃ በዘመቻ ዕቅዱ አባሪ ውስጥ ነበረ። አብራሪዎቹ ጋ ግን አልደረሰም። በምስጢር ጥበቃ ምክንያት የአየር ሁኔታ ባለሙያዎቹና አብራሪዎቹ ፊት ለፊት አልተነጋገሩም። ስጋቱ ታውቆ ነበር፤ የታወቀው ግን ወረቀት ላይ ነው።

ወደ ጠላት ልመለስ። የመከሰት ዕድል የሚባለው ነገር ጠላት ጋ ሲደርስ ባሕርዩ ይቀየራል። እናንተ «ዝቅተኛ» ብላችሁ የጻፋችሁት ነገር እናንተው ስለጻፋችሁት ከፍ ሊል ይችላል። ፈረንሳይ የአርደን ጫካ ለታንክ አይመችም ብላ ደካማ ክፍሎቿን እዚያ አስቀመጠች። በ1938 ጄኔራል ፕሬተላ ያካሄዱት የካርታ ልምምድ ጀርመኖች በ60 ሰዓት ሜዝ ወንዝ ሊደርሱ እንደሚችሉ አሳይቶ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። ሜይ 1940 ጀርመኖች በዚያው ጫካ መጡ፤ የመጡትም የመከላከያው ድክመት እዚያ ስለነበር ነው። የሚገርመው ማንም አልተማረም፤ አሁን ደግሞ ተራው የአሜሪካኖች ነበር። ያንኑ ጫካ ጸጥተኛ ግንባር ነው ብለው የደከሙና አዲስ የመጡ ክፍለ ጦሮችን አሰፈሩበት። ዲሴምበር 16 ቀን 1944 ጀርመኖች በዚያው በኩል ደገሙት። ጠላት ዝቅተኛ ዕድል የሰጣችሁትን ቦታ እንደ ግብዣ ካርድ ነው የሚያነበው። ስለዚህ «አነስተኛ ስጋት ያለበት መንገድ» የሚል መደምደሚያ ባያችሁ ቁጥር ይህን መንገድ ጠላት ያውቀዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ቋንቋም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። በ1951 የአሜሪካ የመረጃ ተንታኞች በዩጎዝላቪያ ላይ ወረራ ሊካሄድ የሚችልበት ዕድል «ችላ ሊባል አይገባም» የሚል መንፈስ ያለው ሐረግ ጻፉ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ሸርማን ኬንት በልቡ 65 ለ35 ማለቱ ነበር። አብረውት ያረቀቁትን ሲጠይቃቸው ከ20 እስከ 80 በመቶ የሚደርስ መልስ ሰጡት። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተስማምተው ፈርመዋል፤ በሐሳብ ግን አልተገናኙም። በ1961 ደግሞ በኩባው የአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ወረራ ላይ የአሜሪካ ጦር ኃይሎች ግምገማ ዕቅዱ «ደህና ዕድል» እንዳለው ገለጸ። ጽሑፉን ያዘጋጁት ጄኔራል 30 በመቶ ገደማ ማለታቸው ነበር። አንባቢዎቹ «ጥሩ ነው» ብለው ተረዱት። ወረራው በሦስት ቀን ከሸፈ፤ ከ1,400 ገደማ ወራሪዎች አብዛኞቹ ተማረኩ።

እንግዲያው ሁሉን በቁጥር እንጻፍ? በከፊል አዎ። የአሜሪካ የመረጃ ተቋማት አሁን ቃልን ከቁጥር ጋር አስረዋል፤ «ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ደረጃ ከ55 እስከ 80 በመቶ ማለት ነው። ይህ ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ሰዎች የሚከራከሩት በአንድ ቋንቋ ነው። ቁጥር ግን አለመግባባትን እንጂ አለማወቅን አይፈታም። በ2011 ቢን ላደን አቦታባድ ባለው ግቢ አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ለፕሬዚዳንት ኦባማ የቀረበው ግምት ከ40 እስከ 95 በመቶ ይደርስ ነበር። ኦባማ ነገሩን አምሳ በአምሳ አድርገው ወሰዱት። ጠቃሚው ውይይት የነበረው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ዕቅዱ ቢበላሽ ምን ይደረጋል የሚለው ላይ ነው። ተጨማሪ ሄሊኮፕተሮች በመጠባበቂያነት ገቡ። አንዱ ሄሊኮፕተር ግቢው ላይ ወደቀ፣ ሥራው ግን ቀጠለ። ይህን ከ1980ው ጋር አስተያዩት። ቁጥሩን ማሻሻል ሲያቅታቸው ዕቅዱ ስህተትን እንዲሸከም አደረጉት።

አሁን ደስ ወደማይለው ክፍል። ብዙ ጊዜ ትንተናውን የሚያበላሸው ሰው ነው፤ ያውም አስቦበት። በብዙ ጦሮች ደንብ ቀይ ስጋት የሚቀበለው ከፍ ያለ አዛዥ ነው፤ ቢጫውን ግን በታች ያለውም መፈረም ይችላል። ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ቀዩ ቀስ ብሎ ቢጫ ይሆናል። «ጥንቃቄ ይደረጋል» የምትል ዓረፍተ ነገር ትጨመርና ነጥቡ ይወርዳል። በ2017 ሁለት የአሜሪካ ባሕር ኃይል አጥፊ መርከቦች ከንግድ መርከቦች ጋር ተጋጭተው በፊትዝጄራልድ ላይ 7፣ በማኬን ላይ 10 መርከበኞች ሞቱ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ጃፓን ለሰፈሩት መርከቦች ሠራተኞች ከተሰጡት የብቃት ማረጋገጫዎች 37 በመቶው ጊዜያቸው አልፎ ነበር። ማረጋገጫው ያለፈበት መርከብ የስጋት ማቃለያ ዕቅድ ጽፎ ፈቃድ ያገኝና ይወጣ ነበር። ወረቀቱ በየጊዜው ይጻፍ፣ በየጊዜው ይጸድቅ ነበር። በመጨረሻ ስጋትን ለመቆጣጠር የተፈጠረው ወረቀት ስጋትን ለማለማመድ ዋለ።

የጦር ጨዋታም እንዲሁ ነው። ከሚድዌይ ውጊያ በፊት በ1942 የጃፓን መኮንኖች በጠረጴዛ ላይ ሲጫወቱ ሁለት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦቻቸው ሰጠሙ። የልምምዱ መሪ በዳኛው ላይ ተነስተው ውጤቱን እንዳስቀነሱ ከተረፉት መኮንኖች አንዱ ጽፏል። ከ60 ዓመት በኋላ በ2002 በተካሄደ ትልቅ የአሜሪካ ልምምድ ጠላትን ወክለው የተጫወቱት ጡረተኛ ጄኔራል ቫን ራይፐር 16 መርከቦችን አሰጠሙ። መርከቦቹ እንደገና እንዲንሳፈፉ ታዘዘ። ውጤቱ ካላማራችሁ ልትሰርዙት የምትችሉት ልምምድ ትንተና አይደለም፤ ትያትር ነው።

አዛዡንም ቢሆን ሁሉን ነገር እሳቸው ላይ አልጥልም። ስጋትን ከአንድ ቦታ ስታነሱት ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው የሚያርፈው። በ1944 የተባበሩት ኃይሎች ፈረንሳይ ኖርማንዲ ጠረፍ ላይ ሊወርዱ ቀናት ሲቀሩ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሌይ-ማሎሪ የአሜሪካ አየር ወለዶች ጉዳት ከግማሽ ሊበልጥ ይችላል፣ በፓራሹት መውረዱ ይቅር አሉ። የዘመቻው ጠቅላይ አዛዥ አይዘንሃወር አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲያቀርቡላቸው ጠየቁ። ከዚያ ለብቻቸው አሰቡበት። አየር ወለዱ ከቀረ በዩታ ጠረፍ የሚወርደው ጦር ከጠረፉ መውጫ መንገዶችን ያጣል። ስለዚህ እንዲቀጥል ወሰኑ። ጉዳቱ ከተፈራው በጣም ያነሰ ሆነ። ማዘግየትም ስጋት አለው፤ ሰንጠረዥ ላይ ግን አይጻፍም። በመጥፎ አየር ምክንያት ከጁን 5 ወደ 6 ያዘዋወሩትን ቀን ወደሚቀጥለው ተስማሚ የባሕር ማዕበል ወቅት ቢያሻግሩት ኖሮ ከጁን 19 ጀምሮ በተነሳው ኃይለኛ ወጀብ ላይ ይወድቁ ነበር። ይህን ያነሳሁት አይዘንሃወር ስለተሳካላቸው አይደለም። ጥሩ ውሳኔም ሊከሽፍ ይችላል፣ የረባ ምክንያት የሌለውም ይሳካል። በውጤት ብቻ መኮንንን የሚመዝን ጦር መኮንኖቹን ስጋት መደበቅ ነው የሚያስተምራቸው።

ምክሬ ይህ ነው። ሰንጠረዡን ለሁለት ክፈሉት። አደጋዎቹን በነበረው ሰንጠረዥ አቆዩአቸው፣ ያለ ማባዛት፣ በደረጃ ብቻ። ለደኅንነት መኮንኑና ለክፍል መሪዎች ስጧቸው። የአዛዡን ጊዜ አይብሉ። ለጠላትና ለዘመቻው ግን ቀለም ተዉና አንድ ገጽ ጻፉ። ገጹ ላይ የሚሰፍሩት ዕቅዱ የቆመባቸው ግምቶች ናቸው፤ ከአምስት እስከ ሰባት፣ አይበልጡም። በእያንዳንዱ ግምት ስር አራት ነገር ይጻፍ። ግምቱ ስህተት ከሆነ የሚፈርሰው ምንድን ነው? ስህተት መሆኑን የሚያሳየን ምልክት ምንድን ነው፣ ማንስ ነው የሚከታተለው? ሐሳብ መቀየር የሚቻልበት የመጨረሻ ሰዓት መቼ ነው? ያኔ ምን እናደርጋለን፣ በየትኛው ኃይል? ይህ ገጽ አዛዡ አማራጭ ከመምረጣቸው በፊት ይቅረብ። ብዙ ጊዜ ስጋት የሚጻፈው ምርጫው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ሥራው ለተመረጠው አማራጭ ጥብቅና መቆም ይሆናል።

ግምት ስትሰጡ መጀመሪያ እያንዳንዱ መኮንን ለብቻው ቁጥሩን ይጻፍ፤ ማዕረጉ ከፍ ያለው መጨረሻ ይናገር። ልዩነቱን አማካይ አውጥታችሁ አትደብቁት። አንዱ 20፣ ሌላው 70 ካለ ለአዛዡ የሚቀርበው 45 አይደለም፤ ለምን እንደተለያዩ ነው። 37.4 በመቶ ብሎ የጻፈ መኮንን ካጋጠማችሁ ደግሞ አራቱን ከየት እንዳመጣት ጠይቁት። ከመረጃ ክፍሉ አንድ ሰው ጠላት ሆኖ ይጫወት፤ ያገኘውን ውጤት ዕቅዱን ያወጣው ሰው መሻር አይችልም።

ከሁሉ በላይ ተጠባባቂ ኃይላችሁን ቁጠሩ። ያየኋቸው ዕቅዶች አብዛኞቹ ላይ አንዲት ሻለቃ ለአራት ስጋቶች መፍትሔ ሆና ተጽፋለች። ግራ ክንፍ ቢሰበር ተጠባባቂዋ። ድልድዩ ቢያዝ ተጠባባቂዋ። አራቱ በአንድ ሌሊት ቢመጡስ? አንድ ጊዜ ብቻ ልትጠቀሙበት የምትችሉትን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ጻፉት።

ገደቡንም እወቁ። ይህ አሠራር ማንም ያላሰበውን ነገር አያመጣላችሁም። የትኛውን አማራጭ እንደምትመርጡም አይነግራችሁም፤ ስንት ሰው ለምን ዓላማ ሊሞት ይገባል የሚለው የሒሳብ ጥያቄ አይደለም፣ የአዛዡ ኃላፊነት ነው። ጊዜ ሲጠብባችሁ ከዝግጅት ጊዜው ሁለት ሦስተኛውን ለበታች ክፍሎች መተው እንዳለባችሁ አትርሱ። ሁለት ሰዓት ብቻ ካላችሁ ሰባቱን ግምት ተዉና ሁለቱን በደንብ ሥሩ። ስሌቱም ሙሉ በሙሉ አይጣል። ነዳጅ፣ ጥይት፣ የተሽከርካሪ ብልሽት፣ የቁስለኛ ማመላለሻ፣ እነዚህ ላይ ኮምፒውተር ከማንኛችንም ይበልጣል። ሶፍትዌር መግዛት ካማራችሁ ለዚህ ግዙ።

በሚቀጥለው ልምምድ አዛዡ «አረንጓዴ ነው?» ሲሉዎ ቀለም አይመልሱላቸው። «ዕቅዱ የቆመው በአምስት ግምቶች ነው። ሦስተኛው መያዝ አለመያዙን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እናውቃለን፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም» ይበሏቸው። ቀለም ካልነገርከኝ ካሉ ገጹን ፈርመው በጽሑፍ ይስጧቸው። አይዘንሃወርም ከሌይ-ማሎሪ የጠየቁት ይህንኑ ነው።